በየሠላሳ ቀኑ

ነገሩ የተገኘው ማክሰኞ መስከረም 13 ጠዋት ነው። ያስያዘችው አንዲት መስመር ናት።

ደጋ ብርሃን ደብረ ማርቆስ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው መሳፍንት ይባላል። መሳፍንት በየወሩ፣ በ18፣ አንድ ደብዳቤ ይፈርማል። ለባንክ የሚሄድ ነው፤ የጥበቃው፣ የጽዳቱ፣ የኢንተርኔቱ፣ የሕንፃ ኪራዩ፣ ምኑ ምኑ፣ ሠላሳ ሁለት መስመር። አንብቦት አያውቅም። ማን ያነባል? በየወሩ ያው ነው።

የዚያን ቀን ግን ገና 13 ነው። እትዬ ወለተ ኪዳን፣ ገንዘብ ያዥዋ ማለት ነው፣ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። አንድ መስመር ብቻ አለው። አንድ መስመር ደግሞ ሳይወድ ይነበባል።

«የጀነሬተር ኪራይ፣ አርባ ሁለት ሺህ ብር፣ ለድረስ ገዳሙ» ብሎ አነበበ መሳፍንት። «እትዬ፣ ጀነሬተር እንከራያለን እንዴ?»

«የራሳችን አለን። ያውም ሁለት» አሉ።

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ማሽኑ የተፋውን ነው የማመጣ።»

መሳፍንት ብዕሩን አስቀመጠ። ወደኋላ ሲታይ ይቺ መስመር ከጥር ጀምሮ ስምንት ጊዜ ወጥታለች። ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር። ስምንቱም ደብዳቤ ላይ የሱ ፊርማ አለ።

ከምሳ በፊት ፖሊስ ተጠራ።

የመጣችው ኢንስፔክተር እስከዳር ናት። ብዙ አታወራም። ወሬውን የሚችለው አብሯት የሚሠራው ሳጅን ምስጋናው ነው። ሲስተሙን የሚያስተዳድረው አምደሚካኤል፣ ቢሮው በሙሉ አምዴ የሚለው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ኮምፒውተሩን ወደነሱ አዞረ።

«ይሄ ተደጋጋሚ ጆርናል ይባላል» አለ። «ወር በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር ከመጻፍ፣ የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ጊዜ ቅጹን ይሞላል። ከየትኛው ሒሳብ ይውጣ፣ የቱ ላይ ይመዝገብ፣ ስንት፣ ለማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየስንት ጊዜው፣ እስከ መቼ። ከዚያ በኋላ ራሱ ነው የሚሠራው። ቀኑ ሲደርስ ይመዘግባል፣ የባንክ ደብዳቤውንም ያዘጋጃል። ሰው ዕረፍት ቢወጣም ይሠራል።»

«ሰው ቢሞትስ?» አለ ምስጋናው።

«ቢሞትም። በሟቹ ስም ይመዘግባል።»

«እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ እኛ ጋም ቢኖር።»

እስከዳር አልሳቀችም። «ይሄንን ማን ሞላው?»

አምደሚካኤል ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «የብርጓል። የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። በሷ ስምና ፓስወርድ ነው የተገባው። ጥር 15፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።»

«የብርጓል ማን?»

«ገዳሙ።»

ምስጋናው ደብዳቤውን ቀና አድርጎ አየው። ድረስ ገዳሙ። «እህትና ወንድም» አለ። «በቃ መዝገቡ ተዘጋ። እኔ ለመስቀል አገሬ አማኑኤል ልግባ።»

«በየወሩ በ18 ከሌሎቹ ጋር ይመጣ ነበር አይደል?» አለች እስከዳር። «ዛሬ ለምን ብቻውን መጣ?»

አምደሚካኤል ትከሻውን ነቀነቀ። የእውነት የማያውቅ ሰው አነቃነቅ ነበር። «ሲስተም ነው፤ አንዳንዴ ይቃዣል።»

«የሠላሳ ሁለቱንም አሞላል በወረቀት አውጣልኝ።»

አወጣላት። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

* * *

የብርጓል የተያዘችው ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ከተከራየችበት ቤት ነው። አባቷ አቶ ገዳሙ ለመስቀል ከመርጡለ ማርያም መጥተው እሷ ጋ ነበሩ። ፖሊስ ልጃቸውን ሲወስድ ጋቢያቸውን ለብሰው በእግራቸው ተከተሉ፣ ጣቢያው በር ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያች አልተነሱም።

ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ይላል። ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት። እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ ክሱ የሷ ነው። የሥራ ስንብት ደብዳቤዋን መሳፍንት ከወዲሁ ጽፎ ጨርሷል።

«ድረስ ማነው?» አለች እስከዳር።

«ወንድሜ ነው» አለች የብርጓል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እጇን ጠረጴዛው ላይ አጥብቃ ይዛለች። «እኛው ዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ነበር። ባለፈው ኅዳር ሥራውን ትቶ ዲማ ጊዮርጊስ ገባ፤ የአብነት ትምህርት ቤት። የቆሎ ተማሪ ነው።»

«ስልኩን ስንደውል ይጠራል፣ አይነሳም።»

«ስልክ? ስልክ እኮ የለውም። ከሄደ ጀምሮ የለውም።»

«ማን ጋ ነው ታዲያ የሚጠራው?»

«አላውቅም ኢንስፔክተር።»

«ጥር 15 የት ነበርሽ?»

«ዲማ። ከጥር 9 እስከ 22 ዕረፍት ላይ ነበርኩ። አባቴን ይዤ ድረስን ልናይ ሄድን፣ ለአስተርዮም እዚያው ቆየን።»

«ፓስወርድሽስ? እሱም ዲማ ነበር?»

«የኛ ቢሮ ደንብ አለው። ዕረፍት የሚወጣ ሰው ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ አሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሞ እትዬ ወለተ ኪዳን ካዝና ውስጥ ያስገባል። ሥራ እንዳይቆም ነው። ስንመለስ እንቀይረዋለን። ኤንቨሎፕ የገባ ፓስወርድ አይደገምም። እኔም የተመለስኩ ዕለት ቀየርኩ።»

«ብትቀይሪውም ጆርናሉ ቀጥሏል።»

«አንዴ ከተሞላ ፓስወርድ አይጠይቅም። ፓስወርድ የሚጠይቀው ልለውጠው ወይም ላቁመው ሲሉት ነው፤ ያኔ የሞላው ሰው ያስፈልጋል።»

«ስምንት ወር በስምሽ ሲመዘገብ ግን አላየሽም።»

የብርጓል አንገቷን ደፋች። «ዝርዝሩን ከፍቼ አላየሁም። እሱ ጥፋቴ ነው። ራሱ ይሠራል ሲባል ሰው ዓይኑን ይጨፍናል።»

ውጭ ምስጋናው መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀ ነው። እስከዳር ስትወጣ አምደሚካኤል በሩ ላይ ቆሟል፤ ትኩስ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሽማግሌው እያቀበለ።

«ይብሉ እንጂ አባቴ። ልጅዎ ትፈታለች፣ እግዜር ያውቃል።»

«ረቡዕ ነው ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እቀምሳለሁ። እግዜር ይስጥህ» አሉ አቶ ገዳሙ፣ ዳቦውን ጋቢያቸው ውስጥ እየከተቱ።

«ደግ ሰው ነው» አለ ምስጋናው መኪናው ውስጥ።

«ደግ ነው» አለች እስከዳር።

* * *

ዲማ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፏል። መኪናው ከቆመበት በእግር ወጡ። ምስጋናው ዳገቱን ሲወጣ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ሦስቱንም ጊዜ መልክዓ ምድሩን የሚያደንቅ መሰለ።

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ከዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የዘመን አቆጣጠር ማለት ነው። ፊታቸው ባቄላ ተዘርግቷል። አሥራ ሁለት ክምር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ፍሬ። ከዳር ደግሞ ለብቻዋ ትንሽዬ፣ አምስት ፍሬ። አንድ ጎልማሳ ተማሪ ፊታቸው ቆሞ አንገቱን ያካል።

«ቁጠራት እንጂ! ምን ታያለህ?» ይሉታል። «ሠላሳ ሠላሳ እያልህ ስትሄድ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሰላም ነህ፤ ሁሌም እዚያው ቀን ላይ ትወድቃለህ። ነሐሴን ስትሻገር ግን እነዚህ አምስቱ አሉ። ጳጉሜን። ረስተህ በሠላሳህ ከዘለልህ፣ ከበዓሉ አምስት ቀን ቀድመህ ደጃፍ ትደርሳለህ። ድግስም የለ፣ ሰውም የለ። ብቻህን!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የኔታ እንግዶቹን ሲያዩ ባቄላውን በእጃቸው ጋረዱት። «ወፍ ያየው እንደሆን ዓመቱን ይበላብናል» አሉ። «ደግሞ ፖሊስ ምን አጠፋን?»

እስከዳር ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። በጥር እነማን መጥተው እንደነበር ጠየቀች።

«የድረስ እኅትና አባት ነበሩ። ከጥምቀት በፊት መጡ፣ ከአስተርዮ በኋላ ሄዱ። ልጅቱ እዚህ ወንዝ ስትወርድ ነው የሰነበተች።»

«በስልኳ ሥራ ትሠራ ነበር?»

«ስልክ እዚህ? ያን ኮረብታ ታያለሽ? እሱ ላይ ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ለሚቆም ሰው አንዳንድ ቀን ይሠራል ይላሉ። እኔ አላየሁም።»

«የወንድሟ መምህር ነዎት፤ ቃልዎ ለሷ ያደላል ይባላል የኔታ» አለ ምስጋናው።

«ይባል። ሌላ ምስክር ከፈለግህ ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠይቅ፤ እሱም ጎረቤቴ ነው።»

ድረስ ተጠራ። ደበሎ ለብሷል፣ ፊቱ ከስቷል። ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር በስሙ ባንክ ገብቶ ወጥቷል ሲባል ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ።

«እኔ ባንክ ያለችኝ ሦስት መቶ አርባ ብር ናት። እሷም ስልኬ ውስጥ ቀረች።»

«ስልክህ የት ነው?»

የኔታን አያቸው።

«ተናገር» አሉት።

«ስለት ሰጠሁት። ለማርያም። ጥበቃ ሳለሁ ታምሜ ነበር፣ ብድን የሚበልጠውን ንብረቴን እሰጣለሁ ብዬ ተስያለሁ። የሚበልጠው ስልኬ ነው። የቢሮ ሰዎቹ የማርያም ማኅበር አላቸው፤ ስመጣ ከነሲሙ ለእትዬ ወለተ ኪዳን ሰጠኋቸው።»

«የስልክ ባንኩ የሚከፈተው በምሥጢር ቁጥር አይደለም?»

«ቁጥሩን ስለምረሳ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።»

ምስጋናው ዓይኑን ጨፈነ።

«እህትህ አታውቅም?»

«ስለት ይወራል እንዴ?» አለ ድረስ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የብርጓል ምን ሆነች?»

እነእስከዳር ለመሄድ ተነሱ። ገብቶታል። እስከ መኪናው ድረስ በባዶ እግሩ ተከትሏቸው ወረደ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት አቶ ገዳሙ አሁንም ድንጋዩ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ሌላ ብርጭቆ አለ። ረቡዕ ማታም ዛሬም አምደሚካኤል ዳቦ አምጥቶላቸዋል።

«ኢንስፔክተሯ ልጄ፣ ነገ ነው አሉ ፍርድ ቤቱ?»

«ነገ ነው አባቴ።»

«እንግዲህ ዛሬ አለ» አሉ።

እትዬ ወለተ ኪዳን የስልኩን ነገር ሲጠየቁ አላንገራገሩም። ካዝናው ጎን ያለውን መሳቢያ ሳብ አድርገው አወጡት። ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ጀርባው ላይ ፕላስተሩ አለ፤ ቁጥሩ አሁንም ይነበባል።

«የማኅበሩ ነው። ልንሸጠው ነበር፣ ኋላ ለማኅበሩ መልእክት መላኪያ ሆነ። ከዚህ መሳቢያ አይወጣም።»

«ይሄ ስልክ ሲጠራ አይሰሙትም?»

«ድምፁ ተዘግቷል። ማነው ለማኅበር የሚደውል?»

«ማን ያነሳዋል?»

«ማንም። እኔ፣ አምዴ፣ መሳፍንት፤ መሳቢያው አይቆለፍ። ምነው ልጄ?»

«ኤንቨሎፖቹስ? የብርጓል በጥር ያስቀመጠችው ተከፍቶ ነበር?»

እትዬ ወለተ ኪዳን አንድ የተጨማደደ መዝገብ አወጡ። ኤንቨሎፕ የሚከፍት ሰው ይፈርምበታል። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ ሄዱና ቆሙ። ጥር 15፣ ዘጠኝ ሰዓት። ምክንያት፦ የደመወዝ ማስተካከያ። የከፈተው፦ መሳፍንት።

ምስጋናው ቀስ ብሎ አፏጨ።

መሳፍንት ቢሮው ውስጥ ሲጠየቅ ፊቱ ቀላ። «አዎ ከፍቻለሁ። የአንድ መምህር ደመወዝ ተሳስቶ ነበር፣ የብርጓል የለችም። ገባሁ፣ አስተካከልኩ፣ ወጣሁ። ኃላፊ ነኝ፣ መብቴ ነው።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ማክሰኞ ለምን አልነገሩንም?»

«አልጠየቃችሁኝማ።»

«ጆርናሉ የተሞላው እርስዎ ኤንቨሎፑን በከፈቱ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው።»

«እና ሌባው እኔ ነኝ? ራሴ አይደለሁ እንዴ ያስጠራኋችሁ!»

እስከዳር ኮምፒውተሩን ወደሱ ገፋ አደረገችው። «እስቲ አንድ ተደጋጋሚ ጆርናል ሞልተው ያሳዩኝ። የፈለጉትን። የአንድ ብር ይሁን።»

መሳፍንት ማውሱን ያዘ። ሲስተሙን ከፈተ። ከዚያ አየ። ስክሪኑን ከላይ እስከታች አየው። አንድ ነገር ተጫነ፣ ሌላ ነገር መጣ፤ ዘጋው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«ምኑ ጋ ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ።

ማውሱን ለቀቀው።

«አልችልም» አለ። «እሺ? አልችልም። እኔ የተማርኩት በትልልቁ መዝገብ፣ በእጅ ነው። ይሄ ሲመጣ ሁሉም ሠለጠነ፣ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ኃላፊ ሆኜ?»

«ታዲያ ደመወዙን ማን አስተካከለው?»

«አምደሚካኤል። ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ እሱ ገባ። ሲሠራ ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ። ስመለስ ጨርሷል። ይኸው ነው። እባክሽ ለሠራተኞቹ እንዳይነገር።»

«አምደሚካኤል ደግሞ 'ያዘዙኝን አስተካክዬ ወጣሁ' ካለ?» አለ ምስጋናው በጆሮዋ። «ያንዱ ቃል በሌላው ላይ ነው። ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ማንም ያነሳዋል። የብርጓልም ከዲማ ወጣ ብላ ሞልታ ሊሆን ይችላል ይሉናል። ነገ ዓርብ ነው።»

እስከዳር ልትመልስ አፏን ከፈተች። የመሳፍንት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ሌላ ስልክ ጮኸ። ከገንዘብ ያዥዋ ክፍል ሌላ።

እትዬ ወለተ ኪዳን ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ብቅ አሉ። «ኧረ በስመአብ! 'ነገ ማርያም ናት፣ ጽዋችሁን አትርሱ።' ነገ ደመራ አይደለም እንዴ? ምነው ይሄ ነገር መስከረም ሲጠባ አበደ! ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ጠላውን ገና አልጠነሰስኩ!»

«ማርያም ገና ስድስት ቀን አላት» አለ መሳፍንት፣ ወሬው ስለተቀየረ ደስ ብሎት።

«ይሄ መልእክት መቼ ነበር የሚመጣው?» አለች እስከዳር።

«በ20 ነዋ! የማርያም ዋዜማ። ዓመቱን ሙሉ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት።»

እስከዳር ጣቶቿን አጥፋ ዘረጋቻቸው። አምስት። ከዚያ ከደብተሯ ውስጥ ማክሰኞ ያጠፈችውን ወረቀት አወጣችና «በየስንት ጊዜው» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከታች በጥፍሯ ወረደችበት። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«አምደሚካኤልን ጥሩልኝ» አለች። «የማኅበሩንም ስልክ አምጡ።»

* * *

አምደሚካኤል እየሳቀ ገባ። «መልእክቱ ነው አይደል? ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ሲቀልድብኝ ነው።»

«አንተ ነህ የሞላኸው?»

«እኔ ነኝ። አንዴ ሞላሁት፣ ራሱ ይልካል።»

«ዛሬ ለምን መጣ?»

«ሲስተም ነው እንግዲህ።»

«ይቃዣል?»

«አንዳንዴ።»

«በየስንት ጊዜው ብለህ ነው የሞላኸው?»

«በየወሩ ነዋ።»

«አሳየኝ።»

ስልኩን ተቀብሎ ከፈተ። አውራ ጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰና ለእስከዳር አዞረላት። የተጻፈው «በየ 30 ቀኑ» ነው።

«ያው ነው» አለ። «ወር ሠላሳ ቀን አይደለም እንዴ?»

«ነሐሴ 20 ላይ ሠላሳ ቀን ጨምርበት።»

«መስከረም...» ብሎ ቆመ። ከንፈሩ ይቆጥራል። «ጳጉሜን» አለ፣ እንደተሸማቀቀ ሰው ፈገግ ብሎ። «ረስቻት። መስከረም 15 ይሆናል።»

«ነሐሴ 18 ላይስ?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቆጠረው፤ መቁጠሩ ታየ።

«መስከረም 13» አለች እስከዳር። «ማክሰኞ። ያቺ መስመር ብቻዋን የመጣችበት ቀን።»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ሠላሳ ሁለት ጆርናል ነው። ሠላሳ አንዱ 'በየወሩ' ይላል። የሒሳብ ሠራተኞቹ የሠለጠኑት እንደዚያ ነው፤ የብርጓልም የራሷን ዘጠኙን እንደዚያ ነው የሞላችው፣ ተመልከት። አንዱ ብቻ 'በየ 30 ቀኑ' ይላል። እትዬ ወለተ ኪዳን ሲስተሙን አይነኩትም። አቶ መሳፍንት...» መሳፍንት መስኮቱን ማየት ጀመረ። «አቶ መሳፍንት አይመቻቸውም። ጥር 15 በሷ ፓስወርድ የገባኸው አንተ ነህ። በሠላሳ ቀን የሚቆጥር እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው ያለው። ገንዘቡ የገባበትም ስልክ ያው ያንተን መልእክት የሚልከው ነው።»

አምደሚካኤል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እትዬ ወለተ ኪዳን በሩ ላይ ቆመው ያማትባሉ።

«በሚያዝያ ላቆመው ነበር» አለ።

«ለምን አላቆምከውም?»

«የብርጓል ፓስወርዷን ቀየረች። የሚያበቃበትን ቀን ሳልሞላ ነው የወጣሁት፤ የአቶ መሳፍንት ኮቴ ሲመጣ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መግባት አልቻልኩም። ፓስወርዷን ላጥፋው ብል ታውቃለች። ቤት ጀምሬ ነበር፣ ለቆርቆሮው ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሦስት ወር። ግን ራሱ ይመጣል። በየወሩ ራሱ ይመጣል። ማቆም አቃተኝ።»

«ማውጣት ግን አላቃተህም» አለች እስከዳር።



«አባቷን ለምን ዳቦ አበላሃቸው?» አለ ምስጋናው። ይሄኛውን ሳይቀልድ ነው የጠየቀው።

አምደሚካኤል እጁን አየ። «ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳያቸው... ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልለፍ?»

* * *

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የብርጓል ተለቀቀች። አስፋልቱ ላይ ችቦ የተሸከመ ሰው ይወርዳል፣ ባጃጆቹ አደይ አበባ ሰክተዋል። መሳፍንት በሩ ድረስ መጥቶ ነበር።

«የብርጓል፣ በቃ አለፈ አይደል? ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። እ... ያ ነገር ጥቅምት 13 ደግሞ ይመጣል። ከሞላው ስም በቀር የሚያቆመው የለም፣ ያው ያንቺ ስም ነው።»

«ሰኞ እገባለሁ ጋሼ» አለች። «እርስዎም አጠገቤ ይቀመጡ፤ ሲቆም ይዩት። ሲሞላም አሳይዎታለሁ።»

መሳፍንት አንገቱን ነቀነቀ።

እስከዳር አቶ ገዳሙን ወደ ውስጥ ጠራቻቸው። ልጅዎና እርስዎ በጥር የት እንደነበራችሁ ቃልዎን ይስጡን፣ በአምደሚካኤል ላይ ለሚከፈተው መዝገብ ያስፈልጋል አለቻቸው። ምስጋናው ወረቀት አዘጋጀ።

ሽማግሌው ከደጃፉ አላለፉም። «ትንሽ ቆዩኝ» ብለው ዞረው ወጡ።

«ወዴት ናቸው?» አለ ምስጋናው።

«አላውቅም» አለች የብርጓል። «አባቴ ሲሄድ አይናገርም።»

ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፈቱት። ሦስት ዳቦ ነው፣ ትኩስ።

«ይሄን ለዚያ ልጅ ስጡልኝ።»

«አባቴ፣ ልጅዎን ያሳሰረ ሰው እኮ ነው» አለች እስከዳር።

«አውቃለሁ። ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ አንድ በላሁለት። የሰው እህል በሆዴ ይዤ በሰው ላይ ቃል አልሰጥም።» ዳቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኳቸው፣ እንዳይጎድሉ። «ሦስት ናቸው። ይቁጠራቸው።»

«ሻዩስ?» አለ ምስጋናው፣ ልማዱ ሆኖበት።

«ሻዩን ለባለሻይዋ ከፍያለሁ። እሱ አልከፈላትም ነበር።»

እስከዳር ወንበር ሳበችላቸው። አቶ ገዳሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«አሁን ጻፉ» አሉ።